ከማመልከቻው በፊት፣ ከምርቃቱ በኋላ
ስለ አነስተኛ የልማት ድጋፍ ለቂርቆስ ዕድሮችና ማኅበራት የቀረበ ማብራሪያ

የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ካዛንቺስ አፍንጫ ሥር ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽም እዚያው ነው፤ ስለ አህጉሩ ልማት ትልልቅ ቁጥሮች የሚጠሩት እዚያ ውስጥ ነው። ከግቢው አጥር ወጣ ብሎ ባለው ሰፈር ግን ለረጅም ዘመን ልማት ሲባል የሚታሰበው ሌላ ነገር ነበር፦ ብዙ አባወራ የሚጋራው ሽንት ቤት በሩ ተነቅሏል፣ የቦኖው ቧንቧ ያፈሳል፣ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጣሪያ ክረምት በመጣ ቁጥር ያንጠባጥባል። እንዲህ ላለው ችግር ተብሎ የተፈጠረ የገንዘብ ዓይነት አለ። ብዙ የዕድር ሰብሳቢዎችና የወጣት ማኅበር ጸሐፊዎች ስለ መኖሩ ሰምተዋል፤ ወረቀቱ ላይ ሲደርሱ ግን ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ ከሥር ከሥሩ እንሂድበት።

ዓመተ ምሕረቶቹ፣ «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በስተቀር፣ በእኛው አቆጣጠር ናቸው። ይህን ነገር እግረ መንገዳችሁን ልብ በሉት። በማመልከቻ ላይ «በ2017 እንጀምራለን» ብሎ ጽፎ የውጭ አገር አንባቢን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው።

ገንዘቡ ምን ዓይነት ነው?

አነስተኛ ድጋፍ የምንለው አንድ ኤምባሲ ወይም ዓለም አቀፍ ተቋም ለአካባቢ ማኅበር፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ ወይም ለወረዳ አስተዳደር በቀጥታ የሚሰጠው፣ የማይመለስና ለተወሰነ ሥራ ብቻ የሚውል ገንዘብ ነው። ትልልቆቹ ብድሮችና ድጋፎች በመንግሥታት ደረጃ ተፈርመው በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ይወርዳሉ። ይኼኛው ላይ ግን በአንድ በኩል ኤምባሲው፣ በሌላ በኩል የማኅበሩ ሊቀመንበር ይፈርማሉ።

ለማስተማር የሚመቸኝ የጃፓኑ ነው። ሕጉ ጥርት ያለ ነው፤ ኤምባሲውም አድራሻው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነው። ጃፓን ይህን አሠራር የጀመረችው በ1989 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ2003 እ.ኤ.አ. «ሰብዓዊ ደኅንነት» የሚለው ሐሳብ ተጨምሮበት የአሁኑን ስሙን ያዘ። የሥራው ሰዎች በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ጂጂፒ» ይሉታል። ለአንድ ፕሮጀክት የሚሰጠው ለብዙ ዓመታት በመደበኛው እስከ 10 ሚሊዮን የን ነበር። ለግለሰብና ለትርፍ ለቆመ ድርጅት አይሰጥም፤ የፖለቲካ ወይም የሃይማኖት ዓላማ ያለው ሥራም በዚህ አይደገፍም።

ከሁሉ በላይ መያዝ ያለበት ግን ይህ ነው፦ ገንዘቡ የሚገዛው በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነው። የመማሪያ ክፍል፣ የውኃ ጉድጓድ፣ የጤና ጣቢያ መሣሪያ፣ የሽንት ቤት ሕንፃ። ለደመወዝ፣ ለቢሮ ኪራይ፣ ለመብራት፣ ለሳሙና፣ ለጥገና አይውልም። ይህ ሕግ ሰጪው ስለ ቆጠበ የመጣ አይደለም። ሕንፃ አንዴ ተሠርቶ ፎቶ ይነሣል፣ ይቆጠራል፣ ይመረመራል፤ ደመወዝ ግን ማለቂያ የለውም። ውጤቱ ግን ማኅበሩ ላይ ይወድቃል፤ ሕንፃው ከቆመ በኋላ ያለው ወጪ ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ የእናንተ ነው። በዚህ ማብራሪያ የምለው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ሌሎቹ ሰጪዎች

ባጭሩ ልለፍባቸው። የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም በ1992 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን የሚያስፈጽመው የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም (ዩኤንዲፒ) ነው። ለረጅም ጊዜ ጣሪያው 50,000 ዶላር ነበር፤ ሥራውም ከአካባቢ ጥበቃ ጋር መያያዝ አለበት። ማን ያግኝ የሚለውን የሚወስነው አብዛኞቹ አባላቱ ከመንግሥት ውጭ የሆኑበት አገር አቀፍ ኮሚቴ ነው። ካናዳ ለአካባቢ ተነሣሽነት የምትሰጠው ፈንድ አላት። የአሜሪካ አምባሳደሮች የራስ አገዝ ፈንድ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአፍሪካ ሲሠራበት የኖረ ነው፤ «ራስ አገዝ» የተባለውም ነዋሪው በጉልበት ወይም በዕቃ የራሱን ድርሻ እንዲያዋጣ ስለሚጠይቅ ነው። የአሜሪካው የልማት ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በ2025 እ.ኤ.አ. ከተዘጋ ወዲህ ትልቁን ገንዘብ ያጡ ድርጅቶችም ወደ ትንንሹ ፊታቸውን ስላዞሩ፣ በአንድ በር ላይ የሚሰለፈው ሰው በዝቷል።

የመዋጮን ነገር ለእኛ ማስተማር አያስፈልግም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ከነጋዴውም ከሊስትሮውም ብር እየሰበሰቡ፣ መንግሥት የራሱን ድርሻ እንዲጨምር እያደረጉ፣ አገር ቤት ድረስ መንገድ አስወጥተዋል። ዛሬ ሰጪዎች «የማኅበረሰቡ ድርሻ» ብለው በቅጽ የሚጠይቁት ያንኑ ነው።

ዕድር በራሱ ስም ለምን አይሆንለትም?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው፤ ስለዚህ ጊዜ ወስጄ ላስረዳ።

በአዲስ አበባ ከዕድር የተሻለ ሥር ያለው የሰፈር ድርጅት የለም። መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ የአባላት መዝገብ አለው፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ አለው፣ በየወሩ ይሰበስባል፣ ያልከፈለውን ይቀጣል። የኤች አይ ቪ ጉዳይ በከበደበት ዘመን ቀብር ብቻ ይጠብቁ የነበሩ ብዙ ዕድሮች የታመመውን በቁሙ መርዳት፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀምረው ነበር። ዕድር የልማት ድርጅት መሆን ይችላል ወይ የሚለው ክርክርም የተጧጧፈው ያኔ ነው።

ይሁን እንጂ በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርን፣ ዕቁብንና መሰል ባህላዊ ተቋማትን አይመለከትም። ነገሩ በክፋት የተደረገ አይደለም፤ ዕድርን በባለሥልጣን ምዝገባና ሪፖርት ማስጨነቅ አያስፈልግም ከሚል ነው፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ሰጪው ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «የምዝገባ የምስክር ወረቀታችሁን አምጡ» ነው። ዕድሩ በከተማው አስተዳደር በኩል የተመዘገበበት ወረቀት ቢኖረውም፣ ሰጪው የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የሰጠውን ነው። ዕድሜ ጠገቡ ዕድር ወረቀት አጥቶ ሲመለስ፣ ባለፈው ዓመት የተቋቋመ ስም ብቻ ያለው ማኅበር ወረቀቱን ይዞ ይገባል። አንዳንዴ እንዲያውም ያ ማኅበር የዕድሩን የአባላት ዝርዝር «ተጠቃሚዎቻችን» ብሎ ያቀርባል። ይህን ስታዩ አትበሳጩ፤ መንገዱን እወቁበት።

መንገዱ ሦስት ነው። የተወሰኑ ዕድሮች ተጣምረው የልማት ማኅበር መሥርተው በአዋጁ መሠረት ይመዘገባሉ። ማኅበር ለመመሥረት አምስት አባላት ይበቃሉ፤ ከባዱ ከምዝገባ በኋላ የሚመጣው የዓመት ሪፖርትና የኦዲት ሥራ ነው። ለሌሎች ጥቅም የቆመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍም ሕጉ ይጠይቃል (በቀድሞው አዋጅ 621/2001 ጊዜ ከወጪው 30 በመቶ ነበር)። ሁለተኛው፣ አስቀድሞ ከተመዘገበ ድርጅት ጋር አብሮ ማመልከት ነው። እንዲህ ስታደርጉ የባንክ ሒሳቡ በማን ስም እንደሚከፈት፣ ፈራሚዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ የተገዛው ንብረት በመጨረሻ የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ሳይሰፍር አትቀመጡ። በቃል የተባለ ነገር ሕንፃው ሲቆም ይረሳል።

ሦስተኛው መንገድ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ለእኔ ግን ለቂርቆስ የሚበጀው እሱ ይመስለኛል። አመልካቹ ትምህርት ቤቱ ወይም ጤና ጣቢያው ይሆንና ዕድሩ የሚጠብቀው፣ የሚያጸዳው፣ የሚቆጣጠረው ይሆናል። ትምህርት ቤት የታወቀ ተቋም ነው፣ ግቢ አለው፣ የወላጅ መምህር ኅብረት አለው። እንዲህ ሲሆን ዕድሩ ከፊት ባይታይም ሥራው ይሠራል። «ስማችን ሰሌዳው ላይ አይጻፍም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይጻፍ፤ ክልከላ የለም።

መሬቱ የማን ነው?

የቂርቆስ አብዛኛው አሮጌ ሰፈር የቀበሌ ቤት ነው። ምንጩም በ1967 የወጣው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ነዋሪው ተከራይ እንጂ ባለይዞታ አይደለም። ሰጪው ግን ግንባታ የሚፈቅደው ቦታው ለአመልካቹ መሰጠቱ ሲረጋገጥ ነው። ካርታ ያለው ማኅበር ብርቅ ነው፤ ስለዚህ ብዙው የወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ይቀርባል።

ደብዳቤውን ስትቀበሉ ቁሙና አንብቡት። «ማኅበሩ በወረዳችን የሚንቀሳቀስ መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚል ደብዳቤ ስለ መሬቱ ምንም አላለም። የቦታው ስፋት፣ ከማን ጋር እንደሚዋሰን፣ ለምን አገልግሎት እና ለስንት ዓመት እንደተፈቀደ ካልተጻፈበት ለግንባታ አይበቃችሁም። ክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ቦታው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ ምን ተብሎ እንደተቀመጠ ጠይቁ። መንገድ ወይም አረንጓዴ ቦታ ተብሎ ከተያዘ፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ለምን እንዲህ እንደምጨቃጨቅ ወደ መጨረሻው ላይ ግልጽ ይሆናል።

ችግሩን እንዴት እንጻፈው?

«በአካባቢያችን ከፍተኛ የንጽሕና ችግር ይታያል» ብሎ የሚጀምር ማመልከቻ ሺህ ጊዜ ተጽፏል። አንባቢው ዓይኑን ሳያሳርፍበት ያልፈዋል። በምትኩ የሚቆጠረውን ቁጠሩ፦ በዚህ ግቢ ስንት አባወራ አለ፣ ስንት ጉድጓድ አለ፣ ከነሱ ስንቱ ሞልቷል፣ የመጨረሻ ጊዜ የተመጠጠው መቼ ነው፣ ሴቶች ማታ የት ይሄዳሉ። ይህን ለመቁጠር የውጭ ባለሙያ አትቅጠሩ። የዕድሩ የአባላት መዝገብና ሁለት ጎበዝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ይበቃሉ።

«ማኅበረሰቡ» የምትለውን ቃል ደግሞ ቀንሷት። ማኅበረሰቡ ይጠብቀዋል፣ ማኅበረሰቡ ያዋጣል፣ ማኅበረሰቡ ያምንበታል። ማን? ጉሊት የምትቸረችረዋ እናት እና መንገድ ዳር መኪና የሚያጥበው ልጅ በአንድ ቃል ሲጠቀለሉ ማንም ኃላፊነት አይወስድም። በስብሰባ ተወያይታችሁ ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ የተገኙት ይፈርሙ፤ ከፈራሚዎቹ መካከል ሴቶች ምን ያህል እንደሆኑ ሰጪው ይቆጥራል። ባይቆጥርስ? ሽንት ቤት የሚጸዳው በማን እጅ እንደሆነ እናውቃለን፤ ውሳኔው ላይ እነሱ ከሌሉ ሥራው ላይ ብቻ መጥራቱ ነውር ነው።

ሦስት ፕሮፎርማ

አንድ ዋጋ ለማቅረብ ብዙውን ጊዜ ሦስት ፕሮፎርማ ይጠየቃል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ስንቱ ማመልከቻ የወደቀው እዚህ ነው። ሰው አንድ የሚያውቀው ባለ ሱቅ ጋ ይሄዳል፤ ባለ ሱቁ ውለታ ልዋል ብሎ የሁለት ጎረቤቶቹን ወረቀት ጨምሮ ያስሞላለታል። ከዚያ ሦስቱም ወረቀቶች በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ በአንድ እስክሪብቶ ቀለም፣ የመጀመሪያው 500 ብር ብቻ ቀንሶ ይቀርባሉ። ኤምባሲ ውስጥ ያለችው ባለሙያ ከእናንተ በፊት መቶ እንዲህ ያለ አይታለች። ደውላ ትጠይቃለች፤ አልቆላችኋል።

ንጹሕ ፕሮፎርማ ማኅተም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቀን፣ ዋጋው የሚጸናበት ጊዜ፣ የዕቃው ሙሉ ዝርዝር አለው። «ብረት - 1 ጥቅል» አይበቃም፤ የስንት ሚሊ ብረት፣ ስንት ቤርጋ። ሦስቱም ስለ አንድ ዓይነት ዕቃ መሆን አለባቸው፤ አንዱ የአገር ውስጥ ሸክላ፣ ሌላው ከውጭ የመጣ ሸክላ ዋጋ ከሰጠ ማነጻጸር የለም። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ ይግባ አይግባ፣ የሚከፍለውስ ማን ነው፣ ሰጪውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ሰጪ ታክስ አይሸፍንም፤ ያን ጊዜ ያ 15 በመቶ ከዕድሩ ካዝና ይወጣል።

ዋጋው የሚጸናበት ጊዜ ያልኩት ዋዛ አይደለም። ማመልከቻ ከገባ እስከ ውል ፊርማ ወራት ያልፋሉ፤ ፕሮፎርማው ግን ለ15 ወይም ለ30 ቀን ነው የሚሠራው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ሳምንታት ሳይቆጠሩ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያ ሰሞን ውሉ በብር የተፈረመለትና በውጭ ገንዘብ የተፈረመለት ማኅበር ዕጣቸው አንድ አልነበረም። በብር የተዋዋለው የውኃ ፓምፑንና የቧንቧ ዕቃውን መግዣ አጠረው። በዶላር ወይም በየን የተዋዋለው እጁ ላይ የሚደርሰው ብር ጨምሮለታል፤ ግን ትርፉን እንደ ፈለገ ማውጣት አይችልም፣ ለሰጪው አሳውቆና አስፈቅዶ ነው። ውሉ በምን ገንዘብ እንደሚፈረም፣ ምንዛሬው የየትኛው ቀን እንደሚያዝ፣ ዋጋ ቢጨምር ምን ይደረጋል የሚለውን አስቀድሞ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሰጪውም የሚጠይቅ ሰው ደስ ይለዋል።

ገንዘቡ ሲገባ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተከፈተ፣ በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ይቀመጥ። ከዕድሩ የወር መዋጮ ጋር አትቀላቅሉት። «ለሁለት ቀን ለለቅሶ እንበደርና እንመልሰው» የሚለው ነገር በዕድር ዓይን ደግነት ነው፤ በውሉ ዓይን ግን ገንዘብን ካለቦታው ማዋል ነው፤ ያስመልሳል።

ከምርቃቱ በኋላ

የምርቃቱ ቀን ሪባን ይቆረጣል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል። በሁለተኛው ሳምንት የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ይሰበራል። እንግዲህ ፈተናው ያኔ ነው።

ለማሳያ ያህል አንድ የሕዝብ ሽንት ቤት እናስብ፤ ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ እናንተ የሰፈራችሁን ትተኩባቸዋላችሁ። ሕንፃው ስድስት ክፍል አለው፣ ከታክሲ መያዣው አጠገብ ነው። 40 አባወራ በወር 50 ብር ይከፍላል፦ 2,000 ብር። መንገደኛ በቀን 120 ሰው በ5 ብር፣ በወር 26 ቀን፦ 15,600 ብር። ጠቅላላ ገቢ 17,600። ወጪውስ? ተራ በተራ የሚሠሩ ሁለት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 4,500፣ ይኸው 9,000። ውኃ 1,800፣ ሳሙናና ማጽጃ 1,200፣ መብራት 400። ጉድጓዱን በሦስት ወር አንዴ በመኪና ማስመጠጫ 6,000፣ ለወሩ ሲካፈል 2,000። ለጥገና የሚቀመጥ 1,500። ድምሩ 15,900። ተራፊ 1,700 ብር። ደስ ይላል።

አሁን የታክሲ መያዣው ሁለት መቶ ሜትር ወዲያ ተነሣ እንበል። መንገደኛው በቀን 120 የነበረው 80 ሆነ። ከመንገደኛ የሚገኘው 10,400 ብቻ ነው፤ ከአባወራው ጋር 12,400። በየወሩ 3,500 ብር ጉድለት። ምን ትቀንሳላችሁ? ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው የጥገናውን 1,500 ነው፤ ለጊዜው አይታይምና። ቀጥሎ ማስመጠጡን ከሦስት ወር ወደ አምስት ወር ይገፋዋል። ከዚያ በሩ ይቆለፋል፣ በሩ ላይ «ለጥገና ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ ወረቀቱ ክረምት እስኪያጥበው ይቆያል። አሥር ገጽ የችግር መግለጫ ከምትጽፉ ይህችን የሒሳብ ገጽ በሁለት መልክ፣ በደህናውና በክፉው፣ ሠርታችሁ አያይዙ። የክፉውን መፍትሔም ጻፉ፦ የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ በየአባሉ በወር 10 ብር እንዲጨምር ወስኗል የሚል ቃለ ጉባኤ ከሆነ፣ ይህ ከየትኛውም የድጋፍ ደብዳቤ ይበልጣል።

ባለሙያዋ ቦታውን ለማየት ስትመጣ የምትጠይቀው ጥያቄ አለ። ምልልሱ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሄደው፦

«ጋሼ፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?»

«ኮሚቴው ጋ ነዋ።»

«ኮሚቴው ስንት ሰው ነው?»

«ሰባት።»

«እና ሌሊት አንድ ሰው ቢታመም ከሰባቱ የማንን በር ነው የሚያንኳኳው?»

ዝምታ። እዚህ ላይ ነው ከበሩ አጠገብ ሻይ የምታፈላው እትዬ ጣልቃ ገብታ «እኔ ጋ ይሁን፣ እኔ እንደሆንኩ እዚሁ ነኝ» የምትለው። ኮሚቴው ይሣሣቃል። ባለሙያዋ ግን ማስታወሻዋ ላይ የምትጽፈው ያንን ነው።

እንዲህ ላለው ነገር ዕድሮቻችን አዲስ ትምህርት አያስፈልጋቸውም። የዕድሩ ድስትና ሰሃን ከዕቃ ቤት ሲወጣ ይቆጠራል፣ ተበዳሪው ይፈርማል፣ ሲመለስ እንደገና ይቆጠራል፤ የጎደለውን የወሰደው ሰው ይተካል፣ ድንኳኑን የቀደደም ያሰፋል። የንብረት ያዡ ደብተር ከዓመት ዓመት ይተላለፋል። ማመልከቻ ሲጻፍ ግን ይህ ሁሉ ይረሳና «ዘላቂነትን ለማረጋገጥ የአቅም ግንባታ ሥልጠና እንሰጣለን» የሚል ከሌላ ሰነድ የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር ይገባል። ተዉት። የንብረት ደብተራችሁን ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ አያይዙ። በዚያ ደብተር ላይ የጎደለ ማንኪያ ሳይቀር ተጽፎ ሲያይ፣ ሰጪው ስለ እናንተ ማወቅ የሚፈልገውን ያውቃል።

ሪፖርቱ

ብዙ አልልም። በጃፓኑ አሠራር ሥራው በአንድ ዓመት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ በመካከል አንድ፣ ሲያልቅ አንድ ሪፖርት ይቀርባል፤ ደረሰኝ ሁሉ ይያዛል፤ ሒሳቡን የውጭ ኦዲተር ያየዋል፤ ከዓመታት በኋላም ሰው ተልኮ ይጎበኛል። ከውሉ የወጣ ለውጥ፣ የበሩ ቀለም እንኳ ቢሆን አልልም፣ ግን የክፍል ቁጥር ወይም የፓምፕ ዓይነት ከሆነ፣ አስቀድሞ ይጠየቃል። ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ለጥፉ። በሙቀት የሚታተመው የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በወራት ውስጥ ስለሚደበዝዝ በዚያው ሳምንት ፎቶ ኮፒ አድርጉት። ኦዲተር ፊት ነጭ ወረቀት ይዞ መቅረብ ያሳፍራል።

ሰፈሩ ሲነሣ

በ2017 መጀመሪያ አብዛኛው ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ፈረሰ። ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ ትውልድ የተፈራረቀበት ሰፈር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተነሣ፤ ነዋሪው ከፊሉ ወደ ገላን ጉራ፣ ከፊሉ ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደ። የከተማዋ መልክ መለወጡን የሚደግፍም የሚቃወምም አለ፤ ያ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገን ግን ከባድ ጥያቄ አለ፦ ለሰፈር የተሰጠ ድጋፍ ሰፈሩ ሲነሣ የማን ይሆናል?

ሕጉን እንይ። የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚሰጠው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ቅድም ስለ ደብዳቤው የጨቀጨቅኳችሁ ለዚህ ነው። «በወረዳችን ይንቀሳቀሳል» በሚል ደብዳቤ የቆመ የማኅበር ሕንፃ ሲፈርስ ማኅበሩ የሚጠይቅበት ወረቀት የለውም። ጣሪያው፣ በሩ፣ ታንከሩ በማን እጅ እንደገባ ሳይታወቅ ይቀራል። በትምህርት ቤት ወይም በጤና ጣቢያ ግቢ የተሠራ ከሆነ ግን ቢያንስ ባለቤት አለው፣ ተቋሙ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ጉዳዩ አብሮ ይሄዳል። ሦስተኛውን መንገድ የመረጥኩት ያለ ነገር አይደለም።

ስለ ቂርቆስ ሳስብ ከግንባታ ይልቅ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ላይ ማተኮር ብልህነት ይመስለኛል። የልብስ ስፌት መኪና፣ የእንጀራ ምጣድና ማቡኪያ፣ የአካል ጉዳተኛ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ለቤተ መጻሕፍት መደርደሪያና ኮምፒውተር፣ በፕላስቲክ ታንከር የተሠራ የውኃ ማጠራቀሚያ፤ እነዚህ በጭነት መኪና ይሄዳሉ። ሽንት ቤት በጭነት መኪና አይሄድም። ይህ ማለት ሽንት ቤት አትሥሩ ማለት አይደለም፤ ችግሩ እሱ ከሆነ እሱን ሥሩ፤ ግን የት እንደምትሠሩትና ለስንት ዓመት እንደሚያገለግል ራሳችሁን አታታልሉ።

ሰዉስ? አዲስ አበባ ውስጥ ከአሮጌ ሰፈር ተነሥተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ብዙ ሰዎች ከዓመታት በኋላም ከቀድሞ ዕድራቸው አልወጡም። በወር አንድ እሑድ ሁለት ታክሲ ቀይረው መጥተው ይከፍላሉ፤ ለቀብርም ይመጣሉ። ከካዛንቺስ በሄዱትም ዘንድ ይኸው ይጠበቃል። ዕድሩ እንደ ድርጅት ከቆየ፣ በስሙ የተመዘገበው ንብረትም ከእሱ ጋር ሊቆይ ይችላል፤ አባላቱ በሦስት በአራት አቅጣጫ ሲበተኑ ግን አንዱን የዳቦ ምድጃ ማን ይውሰድ የሚለው ጠብ ይሆናል።

ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጠቅላላ ጉባኤ ጠርታችሁ ሦስት ነገር በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። ቦታው ለልማት ቢፈለግ ንብረቱ ወዴት እንደሚሄድና ማን እንደሚያነሣው። አባላት ሲበተኑ ንብረቱ የሚሠራው አብዛኛው አባል በሰፈረበት ነው ወይስ ተሽጦ ገንዘቡ ለዕድሩ ይሆናል፤ መሸጥ በውሉ የሚፈቀድ ከሆነ። ሦስተኛው፣ ለሰጪው ማን፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያሳውቅ። ይህን ቃለ ጉባኤ ተርጉማችሁ ከውሉ ጋር አያይዙትና የሰጪውም ሰው ይፈርምበት። አልፈርምም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ቅጂውን ከንብረት ያዡ ደብተር ጋር አስቀምጡት።